ነክሶ የቆመ ሞተር
የባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ምርመራና ጥገና በቆቦና በራያ ቆላ

(ለማኅበሩ አባላት የተዘጋጀ ንግግር)



በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው የራያ ሜዳ ሞተር ሳይክል የሥራ እግር ነው። የልማት ሠራተኛው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ፣ የጤና ተቆጣጣሪው ወደ ጤና ኬላዎች፣ የመስኖ ባለሙያውም ከአንዱ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ወደ ሌላው የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎማ ነው። ከወልድያ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ቆቦን በማቋረጥ ወደ አላማጣ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ደኅና መንገድ ነው፤ ከእርሱ ግራና ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች መሻገሪያ ደግሞ አሸዋ ነው። ቆቦና ጨርጨር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወባ መቆጣጠር የሙከራ ሥራ ከተካሄደባቸው የአገራችን ቦታዎች መካከል ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ቆላ የሚታቀድ የመስክ ሥራ ሁሉ በቅድሚያ መልስ የሚሻው «በምን ይደረሳል?» ለሚለው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ጎማው ተንፍሶ፣ መቀመጫው በአይጥ ተበልቶ በመጋዘን ጥግ የቆመ አንድ ሞተር ሳይክል በንብረት መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ያልተጎበኘ ጤና ኬላና ክትባት ያልደረሰው መንደር ከኋላው አሉ። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት በተፈራረቀበት በዚህ አካባቢ አያሌ የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለ ጠፋና ስለ ተሰባበረ፣ የተረፈውን አድኖ ሥራ ላይ ማዋል ከምን ጊዜውም የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። የዚህ ንግግር ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ነክሶ የቆመ ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑ ከመለወጡ አስቀድሞ ያስነከሰው ምክንያት ተፈልጎ መገኘት፣ ከተገኘም በኋላ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት የሚል ነው። መንከስ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸው ለሞተርም ይሠራል።

ንግግሩ በተለይ የሚመለከተው በልማትና በጤና ሥራ ላይ የተሰማሩ መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች በሰፊው የሚያውቋቸውን ያማሃ ኤ.ጂ. 100ና ዲ.ቲ. 125 የመሳሰሉ ሞተር ሳይክሎች ነው። ኤ.ጂ. 100 ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ሞተሩ 97 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ አለው፤ ካቴናውም አቧራና ጭቃ እንዳይነካው በሽፋን ውስጥ ይዞራል። ትውልዱን ወደ ኋላ ብንቆጥር ታሪኩ ሩቅ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዴይ የክራንክ ቤቱን እንደ ፓምፕ የሚጠቀም ባለ ሁለት ምት ሞተር የባለቤትነት መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1891 ነበር። የጀርመኑ ዴ.ካ.ቬ. ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው አር.ቲ. 125 ሞተር ሳይክል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን ተቀድቷል፤ ያማሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረበው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል የዚሁ ቅጂ ነበር። ዘይትን ከቤንዚን ጋር በእጅ መቀላቀልን ያስቀረው አውቶሉብ የተባለው የዘይት ፓምፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በያማሃ ሞተሮች ላይ ዋለ። እንግዲህ በቆቦ መጋዘን የቆመው አሮጌ ሞተር ከዚህ ረጅም የዘር ሐረግ የወጣ ነው፤ አሠራሩም ከመነሻው እምብዛም ስላልራቀ መሠረቱን ያወቀ ባለሙያ ሊፈራው አይገባም።

መሠረቱም የሚከተለው ነው። ባለ አራት ምት ሞተር አየርና ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ክራንክሻፍቱም ከታች በዘይት ውስጥ ይዞራል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ቅይጡ በመጀመሪያ የሚገባው ወደ ክራንክ ቤቱ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ክራንክ ቤቱ ይስባል፤ ሲወርድ የተሳበውን ይጨምቅና በማሸጋገሪያ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ክራንክ ቤቱ ፓምፕ ስለሆነ የሚያሾልክ ከሆነ ሞተሩ ሞተር አይሆንም፤ ስለዚህም በክራንክሻፍቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የዘይት ማገጃ ላስቲኮች፣ ማለትም ኦይል ሲሎች፣ ዋጋቸው ትንሽ ቢሆንም ከፒስተኑ የማያንስ ሥራ አላቸው። ሁለተኛ፣ በማጣሪያው ያለፈ አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ከመድረሱ በፊት ኩሽኔታዎቹንና የቢዬላውን ታችኛ ክፍል ያገኛል። በሌላ ሞተር ፋሻ ብቻ የሚበላ አቧራ በዚህ ሞተር ክራንኩን ጭምር ይበላል።

አሁን ወደ ራያ ቆላ ጠባይ እንመለስ። ይህን ዓይነት ሞተር በዚያ አገር የሚጎዱት ነገሮች በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው አቧራ ነው። የእነዚህ ሞተሮች የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ሲሆን ደቃቁን አቧራ የሚይዘው በተነከረበት ዘይት ነው። ታጥቦ በደረቁ የተመለሰ ስፖንጅ ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ አቧራውን ግን ያሳልፋል። ማሽላ በሚወቃበት ወራት ማጣሪያው በየሳምንቱ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ሙቀትና አሸዋ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ በወንዝ አሸዋ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ፣ በብዙ ዙርና በዝግታ ሲሄድ የሚያገኘው ነፋስ አነስተኛ፣ የሚያመነጨው ሙቀት ግን ከፍተኛ ነው። ፒስተን ከሲሊንደር ይበልጥ ስለሚለጠጥ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ያልቃል።

ሦስተኛው የከፍታ መለዋወጥ ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ከአላማጣ በላይ ያለችው ኮረም 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ልዩነት አየሩ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ በትክክል የሚሠራ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ይህ ጭስ ቢያመጣም ሞተር አያነክስም። አደገኛው ተቃራኒው ነው። ደጋ ላይ ጭሱን ለመቀነስ ጂግለሩ በአነስተኛ የተለወጠለት ሞተር ወደ ራያ ሜዳ ሲወርድ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ከልክ በላይ ይግላል። እንዲሁም ከኮረም ወደ አላማጣ ጋዙን ዘግቶ በማርሽ ብቻ ቁልቁለቱን ሁሉ መውረድ ሞተሩ በብዙ ዙር እየዞረ ጥቂት ቅባት ብቻ እንዲያገኝ ያደርገዋል። አሽከርካሪው በየጊዜው ጋዙን ለቅጽበት ከፈት ማድረግ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል።

አራተኛው ነዳጅና ዘይት ነው። በመንገድ ዳር በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ያለጊዜው እየፈነዳ የፒስተኑን ራስ ይቀጠቅጣል። ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀው ዘይት ሲጠፋ የመኪና ዘይት መጨመርም ልማድ ሆኗል፤ ያ ዘይት ግን ለመቃጠል ስላልተሠራ አመድ ይተዋል፤ ካንዴላውን ያቆሽሻል፤ ፋሻውንም በቦታው ያጣብቃል።

አምስተኛው መቆም ራሱ ነው። ለዓመታት በቆመ ሞተር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ታንከሩ ይዝጋል፤ ላስቲኮቹ ይደርቃሉ። ባለፈው ጊዜ ያልነከሰ ሞተር እንኳ ከቆመበት ተነሥቶ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ በደረቀ ላስቲክ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምርመራው ቅደም ተከተል ይቀርባል። የቆመን ሞተር ሳይክል እንዳገኙት በእግር መርገጥ ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይገባና ሞተሩ በእጅ በቀስታ ይዞራል። አሮጌው ቤንዚን ተደፍቶ ታንከሩ ከዝገት ይጸዳል። ካርቡራቶሩ ይፈታል፤ የጂግለሩን ቀዳዳ ግን በብረት ሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው በመሟሟያና በአየር ግፊት ብቻ መጽዳት አለበት። ከዚያ የካንዴላው ብልጭታ ይፈተሻል።

ቀላል የሚመስሉ ብልሽቶች ባለሙያን ሲያታልሉ ይታያል። ለምሳሌ ሞተሩ በደኅና ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ይጠፋል፤ ትንሽ ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሣል። ይህ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ የታንከሩ ክዳን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ መደፈኑ ነው፤ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ሌላው ቦቢናው ሲግል ብልጭታ መስጠት ማቆሙ ነው። ለመለየት ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ክዳኑን መክፈት ነው። ወዲያው ከተነሣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ ካልተነሣ ሳይቀዘቅዝ ብልጭታውን ማየት ይገባል። ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ባለማድረግ ካርቡራቶር ደጋግሞ መፍታት የጊዜ ብክነት ነው።

ዋናው ፈተና ግን የክራንክ ቤቱ ነው። ጋዙ ተለቆ እንኳ ሞተሩ በፍጥነት መዞሩን ካላቆመ በማግኔቶው በኩል ያለው ላስቲክ አየር እያስገባ መሆኑ ይጠረጠራል። ነጣ ያለ ብዙ ጭስ ከወጣና የካምቢዮው ዘይት ከጎደለ ደግሞ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ላስቲክ ዘይት እያስገባ ነው። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ካርቡራቶሩና ማርሚታው ይወርዳሉ፤ መግቢያውና መውጫው ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክና በብረት ሳህን ይታፈናሉ፤ ፒስተኑ ወደ ታች ወርዶ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አየር ይሞላል። የሚፈለገው ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.4 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ልዩ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ የደም ግፊት መለኪያ ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ ባለ መርፌው ዓይነት እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ድረስ ይቆጥራልና ይህ ልክ ከሚፈለገው ግፊት ጋር እኩል ነው። የጎማ ኳሱም እንደ ፓምፕ ያገለግላል። ግፊቱ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳይወርድ ከቆየ ክራንክ ቤቱ ጤነኛ ነው፤ ከወረደ በሳሙና ውኃ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ መፈለግ ነው። ከዚህ በላይ ግፊት መጨመር ግን ላስቲኮቹን ራሳቸውን ሊጎዳ ይችላል።

ሞተሩ ነክሶ ከሆነ የተጎዳው ፒስተን መጣል የሌለበት ማስረጃ ነው። በአራት ማዕዘን የተቧጠጠ ፒስተን ሳይሞቅ በፍጥነት የተነዳ ወይም ክፍተቱ የጠበበ ሞተር ነበር። በመውጫው በኩል ብቻ የተቧጠጠው የዘይት ማነስን ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። ራሱ የቀለጠ ወይም የተበሳ ፒስተን የነዳጅ ማነስን፣ የአየር ሾልኮ መግባትን ወይም የብልጭታ ጊዜ መዛባትን ይናገራል። በመግቢያው በኩል ግራጫ ሆኖ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረው ደግሞ አቧራ የበላው ነው። ማስረጃውን ያላነበበ መካኒክ አዲሱን ፒስተን ለዚያው በሽታ አሳልፎ ይሰጣል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ጥገናው ቀጥተኛ ነው። ሁለቱ ላስቲኮች፣ ሞተሩ እስከ ተፈታ ድረስ፣ ያለ ምርጫ ይለወጣሉ። ሲሊንደሩ ሬቲፊካ የሚደረገው ፒስተኑ በእጅ ከገባና ከተለካ በኋላ ነው፤ ለዚህ መጠን ላለው ሞተር ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን ትክክለኛው ቁጥር ከመመሪያው መጽሐፍ ይወሰዳል። ከሬቲፊካ በኋላ የቀዳዳዎቹ ስለታም ጠርዝ ሳይሞረድ ከተተወ ፋሻውን ይይዝና ይሰብረዋል፤ የመኪና ሲሊንደር ብቻ የለመደ ቶርኖ ቤት ይህን ሊረሳ ስለሚችል በትእዛዙ ላይ መጻፍ ይገባል። ፒስተኑ ሲገጠም የራሱ ቀስት ወደ መውጫው ያመለክታል። ማርሚታው ከጥቀርሻ ይጸዳል፤ የታፈነ ማርሚታ ጉልበት ከመቀነሱም በላይ ሞተሩን ያግላል። የዘይቱ ፓምፕ ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ይተነፍሳል። ለመጀመሪያው ታንከር ጥንቃቄ ሲባል በቤንዚኑም ውስጥ ዘይት ይቀላቀላል፤ በዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ምልክት ተደርጎም ዘይቱ በእርግጥ እየጎደለ መሄዱ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ያለ ከባድ ጭነት መነዳት አለባቸው፤ ይህም የወንዙን አሸዋ ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ጥቅም አለው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እንበልና አንድ ሞተር ሳይክል ነክሶ ወደ ጋራዥ ቀረበ። ፒስተንና ፋሻ ተለወጠለት፤ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ተደረገ፤ ወደ ቆቦ ተመለሰ። በማግኔቶው በኩል የደረቀው ላስቲክ ግን በቦታው ነበርና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳግመኛ ነከሰ። ሁለተኛው ጥገና ከተከፈለ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነክስ ንብረት ክፍሉ «ይህ ሞተር አርጅቷል» ብሎ ለማስወገድ ያቀርበዋል። ሞተሩ አላረጀም፤ በሁለት ጥገና መካከል የጠፋው አንድ ጥያቄ ነው። የገንዘቡ ኪሣራ በሂሳብ ይታወቃል። የባለሙያው ከመስክ መቅረት ግን በየትኛውም ሂሳብ አይገባም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ያጨሳል፤ ከሚገባው ቅይጥ አንዱ ክፍል ሳይቃጠል በመውጫው ስለሚያመልጥም ነዳጅ ያባክናል። አዲስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ባለ አራት ምት ወይም መንገዱና የኤሌክትሪኩ አቅርቦት ከፈቀደ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢመርጥ ትክክል ነው። እንዲያውም አሮጌዎቹን ሁሉ ማዳን አይገባም። ክራንክ ቤቱ የተሰነጠቀ፣ ቻሲው የተጣመመ ወይም ክራንኩ የማይገኝለት ሞተር ተፈትቶ ለሌሎቹ መለዋወጫ ቢሆን ይሻላል። ጥያቄው ያለው በእጅ ላይ ስላለው፣ በጥቂት ላስቲክና በአንድ ፒስተን ሥራ ሊጀምር ስለሚችለው ነው። አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ወባም ሆነ የከብት በሽታ አይጠብቅም።

በመሆኑም ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። በየጋራዡ የጥገና ማዘዣ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ ያ መስመር ሳይሞላ ፒስተንም ሆነ ፋሻ ከመጋዘን አይውጣ። የተጎዳው ፒስተን የሠሌዳ ቁጥሩ ተጽፎበት በመደርደሪያ ይቀመጥ፤ ለጀማሪ መካኒኮችም ማስተማሪያ ይሁን። ከደጋ ወደ ቆላ የሚዛወር ሞተር ሳይክል የጂግለሩ ቁጥር በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። በእያንዳንዱ የወረዳ ጋራዥ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ከመፍቻዎቹ ጎን ይሰቀል። እነዚህን አራት ነገሮች ለመጀመር የተለየ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ነክሶ የቆመ ሞተር ወደ ጋራዡ በር ሲገባ ሊጀመሩ ይችላሉ።